መሣሪያው ይለካል፤ ሰው ይፈርዳል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በፎቶግራፍ ክበብ ስም የቀረበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን በፊታችሁ ቆመን ስለ ካሜራ እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እኛ የፎቶግራፍ ክበብ አባሎች ከልብ እናመሰግናለን። ምናልባት ከመካከላችሁ «ዛሬ በየሰዉ ኪስ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ ሳለ ስለ ካሜራ ምን ንግግር ያስፈልጋል?» የሚል አይታጣም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም አጭር ነው። ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ሆኗል፤ ሰውን እንደ መልኩና እንደ ክብሩ ማሳየት ግን ዛሬም ትምህርት ይጠይቃል።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። የክበባችን ካሜራ አባሎቹ ገንዘብ አዋጥተው የገዙት፥ ያገለገለ ዲጂታል ኤስ ኤል አር ነው። የዚህ ዐይነት ካሜራ ልዩ ምልክቱ በውስጡ ያለው መስተዋት ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስተዋቱ ላይ አርፎ ወደ ላይ ይመለስና ወደ ዐይናችን ይደርሳል። ስለዚህ የምናየው ሌንሱ የሚያየውን ያንኑ ነው። አዝራሩን ስንጫን መስተዋቱ ብድግ ይላል፤ ሻተር የሚባለው መጋረጃ ለቅጽበት ይከፈታል፤ ብርሃኑም ሴንሰር በሚባለው ሰሌዳ ላይ ያርፋል።

ይህ መሣሪያ እዚህ የደረሰው ባንድ ቀን አይደለም። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1975 ስቲቨን ሳሶን የተባለ የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ የሠራው ዲጂታል ካሜራ ከ3 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ምስሉ 10,000 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ በካሴት ላይ ለመመዝገብም 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። በ1991 ኮዳክ በኒኮን ካሜራ አካል ላይ 1.3 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ዲጂታል ኤስ ኤል አር ለገበያ አወጣ። በ2003 ደግሞ ካኖን ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር በታች የሚሸጥ ካሜራ ስላወጣ መሣሪያው ከባለሙያው አልፎ ለወዳጁም ደረሰ። ዛሬ ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ፊታቸውን መስተዋት ወደሌለው ካሜራ አዙረዋል። ብዙ ሰዎችም የቀድሞውን እየሸጡ ስለ ሆነ፥ እንደኛ ላለ ክበብ ያገለገለው ካሜራ የማይደረስበት ነገር አልሆነም።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። ካሜራው ብርሃን የሚለካ መሣሪያ አለው። ይህ መለኪያ የሚያየውን ሁሉ በመሠረቱ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል፤ በተለምዶም ይህ ግራጫ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 ከመቶውን የሚመልስ ነው ይባላል። አዲሶቹ ካሜራዎች ፊትን ለይተው ለማወቅ ቢጥሩም መነሻው ይኸው ነው። እንግዲህ አንዲት እናት ነጭ ነጠላ ለብሰው በካሜራው ፊት ቆሙ እንበል። ነጠላው አብዛኛውን ቦታ ስለሚይዝ መለኪያው ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ነጠላው አመድማ ይሆናል፤ ፊታቸውም ይጠቁርና ዐይናቸው አይለይም።

ሥዕሉን ያዩ ሰዎችም «እኛ ጠይሞች ስለ ሆንን ፎቶግራፍ አይወጣልንም» ሲሉ ሰምተናል። ይህ አባባል ሐሰት ነው። ጥፋቱ የልኬቱ እንጂ የመልካችን አይደለም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ የነጭ ሴት ፎቶግራፍ የነበረበት ሲሆን «ሸርሊ» ተብሎ ይጠራ ነበር። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች አብረው የታዩበት የኮዳክ ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። ከዚህ የምንማረው ማንኛውም መሣሪያ በማን ፊት ተሞክሮ እንደ ተሠራ መጠየቅ እንዳለብን ነው። አይዳ ሙሉነህ በ2010 በመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የአፍሪካ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራ መታየቱም ያስደስተናል፤ የራስን መልክ ራስ ማሳየት ትልቅ ነገር ነውና።

መፍትሔውስ ምንድን ነው? መፍትሔው ከባድ አይደለም። በካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት አዝራር አለ። በእርሱ አንድ ደረጃ ብንጨምር ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን እጥፍ ይሆናል፤ ፊትም ይገለጣል። ወይም መለኪያው ነጠላውን ትቶ ፊትን ብቻ እንዲለካ ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን ብርሃኑን ከመጠን በላይ ብናበዛ የነጠላው ጥበብና ሽመና ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በኮምፒዩተርም ቢሆን አይመለስም። ስለዚህ መመዘን ያስፈልጋል።

ከአዝራር ሁሉ የሚበልጠው ግን ቦታና ሰዓት መምረጥ ነው። አገራችን ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ፥ በቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆንና ዐይንን በጥላ ትሸፍናለች። ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፥ ደግሞም ከ10 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ቀትር ላይ ማንሣት ግድ ከሆነ ሰውየውን ከደጃፍ ወደ ውስጥ ጥቂት ገባ አድርጎ ፊቱን ወደ ውጭ ማዞር ይበቃል። ለዚህ ፍላሽም ውድ ሌንስም አያስፈልግም።

ይህን ካወቅን በኋላ ግን ከብርሃን የሚበልጥ አንድ ነገር አስተምረውናል፤ ያስተማሩንም በወጥ ቤታችን ለብዙ ዓመት እንጀራ የጋገሩልን እናት ናቸው። ለዚህ በዓል ፎቶግራፍ ልናነሣቸው ሄደን ፈቃዳቸውን ብንጠይቅ፥ «ልጆቼ፥ ስንቱ አንሥቶኝ ሄደ፤ እኔ ግን መልኬን ያሳየኝ የለም» ብለው እምቢ አሉን። እኛም እሺ ብለን ተመለስን። በሌላ ቀን፥ ሥዕሉን አሳትመን እንደምናመጣላቸው ቃል ከገባን በኋላ ፈቀዱልን። በወጥ ቤቱ ደጃፍ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙረው ተቀመጡ፤ አንድ ደረጃ ብርሃን ጨመርን፤ አነሣናቸው። የታተመውን ስንሰጣቸው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያም፥ «በዐረብ አገር ለምትሠራው ልጄ የሚላክ አንድ ጨምሩልኝ፤ እናቷን ካየች አራት ዓመቷ ነው» አሉን። ሁለተኛውን በማግሥቱ አደረስንላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክበባችን ሦስት ደንብ አለው። አንደኛ፥ ሳንጠይቅ አናነሣም፤ እምቢ ያለንንም አንጨቀጭቅም። ሁለተኛ፥ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ሥዕሉን ለሕዝብ አናሳይም፤ በስልክም አንበትንም። ሕፃን ሲሆን ደግሞ ወላጁን እንጠይቃለን። ሦስተኛ፥ ላነሣነው ሰው የታተመውን እንሰጣለን። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ማሳተም ገንዘብ ያስወጣል፤ በሜሞሪ ካርድ ላይ መኖሩ ይበቃል» ብለው ተከራክረውናል። እውነት ነው፥ ገንዘብ ያስወጣል። ነገር ግን በካርድ ላይ ተዘግቶ የቀረ ሥዕል ለባለቤቱ እንዳልተነሣ ያህል ነው። ስለዚህ በየወሩ ከምናዋጣው ግማሹን ለማሳተሚያ መድበናል።

ለታናናሾቻችን አደራችን ይህ ነው። እኛ በዚህ ዓመት እንሄዳለን፤ ካሜራው ግን ከእናንተ ጋር ይቀራል። ሌንስ ስትለውጡ የካሜራውን አፍ ወደ ታች ድፉት፤ የበጋ አቧራ የሴንሰር ጠላት ነውና። በክረምት እርጥበት ሌንሱን ሻጋታ እንዳያበላሸው፥ እርጥበት ከሚመጥጥ ከረጢት ጋር በሚገጠም ሣጥን አኑሩት። ከሁሉ በላይ ግን ሦስቱን ደንቦች ጠብቁ። ካሜራ ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ የሰው እምነት ግን ከተሰበረ በመዋጮ አይገዛም።

ውድ ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጆቻችሁ ካሜራ ይዘው ስታዩ ጨዋታ ብቻ አይምሰላችሁ። ብርሃንን መመዘን፥ ሰውን ማክበር፥ ቃልን መጠበቅ የሚማሩበት ነው። ዛሬ ከበዓሉ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ወንበር አዘጋጅተናል። ነጠላችሁን እንደ ለበሳችሁ፥ ጋቢያችሁን እንደ ደረባችሁ ኑ፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ እናነሣችኋለን፤ የታተመውንም በልጆቻችሁ እጅ እንልክላችኋለን።