በዋልታ ክረምት ብቻውን የሚሠራ ሐኪም




በኢትዮጵያ ገጠር ክረምት ሲባል ወንዝ ሞልቶ፣ ጭቃው መንገዱን ዘግቶ፣ በጤና ጣቢያ የተመደበው ባለሙያ በሽተኛውን ወደ ሆስፒታል መላክ የሚሳነው ወቅት ነው። ይሁን እንጂ ዝናቡ ጋብ ሲል ወንዙ ይጎድላል፤ ቃሬዛውም ይሻገራል። በአንታርክቲካ ግን ክረምት የሚጎድል ወንዝ የለውም። በደቡብ ዋልታ ነጥብ ላይ በሚገኘው የአሜሪካ የምርምር ጣቢያ የመጨረሻው አውሮፕላን በፌብሩዋሪ አጋማሽ ገደማ ከሄደ በኋላ፣ በተለመደው አሠራር እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ የሚመጣ የለም። ብርዱ ነዳጁን ያረጋዋል፤ ጨለማውም ማረፊያውን ይሸፍነዋል። በዚያ ፀሐይ በዓመት አንድ ጊዜ ወጥታ አንድ ጊዜ ትጠልቃለች። የቦታው ከፍታ 2,835 ሜትር ነው፤ ከደብረ ብርሃን ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ነው። ነገር ግን በዋልታው የአየር ግፊት ዝቅተኛ ስለ ሆነ ሰውነት ከ3,000 ሜትር በላይ እንደ ወጣ ሆኖ ይሰማዋል። እንቅልፍ ይዛባል፤ ቆዳ ይሰነጠቃል፤ የሰው ጠባይም ይለወጣል።

በእንዲህ ያለ ስፍራ ሐኪም ሲመደብ ሌሎቹን እንዲያክም መሆኑ የታወቀ ነው። ራሱ ሲታመም ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሕመሙ ከመጣ በኋላ ነው።

ይኸው ጥያቄ በ1961 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት የኖቮላዛሬቭስካያ ጣቢያ ተነሣ። የጣቢያው ብቸኛ ሐኪም ዶክተር ሌዮኒድ ሮጎዞቭ የ27 ዓመት ወጣት ነበሩ። አፕሪል 29 ቀን ጠዋት ድካምና ማቅለሽለሽ ተሰማቸው፤ ሕመሙም ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆዳቸው ወረደ። ለቀዶ ጥገና ሐኪም ይህ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ትርፍ አንጀት ነበር። ሚርኒ የተባለው ጣቢያ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በአቅራቢያው ያሉት ጣቢያዎች አውሮፕላን አልነበራቸውም፤ ቢኖራቸውም ውሽንፍሩ አያስበርርም ነበር። ዶክተሩ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና በቅዝቃዜ ሕመሙን ሊያበርዱ ሞከሩ፤ አልበረደም። በማግሥቱ ምሽት የሆድ ዕቃ ሽፋን መቆጣት ምልክቶች ስለ ታዩባቸው ራሳቸውን ለመቅደድ ቈረጡ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው እንደ ተአምር ይተርከዋል። የሙያ ባልደረባ ግን ከቢላዋው በፊት የተደረገውን ቢመለከት ይበልጥ ይጠቀማል። ዶክተር ሮጎዞቭ አንድ የሜቴዎሮሎጂ ባለሙያ መሣሪያ እንዲያቀብል፣ አንድ መካኒክ መስተዋት እንዲይዝና መብራት እንዲያስተካክል መደቡ። የጣቢያው ኃላፊ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ራሱን ቢስት እንዲተካው በተጠባባቂነት ቆመ። የረዳቶቻቸውን እጅ ራሳቸው በመድኃኒት አጽድተው ጓንት አጠለቁላቸው። እርሳቸው ቢስቱ የሚወጉትን መድኃኒት በመርፌ ሞልተው አስቀመጡላቸው፤ ሰው ሠራሽ ትንፋሽ እንዴት እንደሚሰጥም አስተማሩአቸው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም እንኳ ሕክምና የተማረ አልነበረም።

ዶክተሩ በግራ ጎናቸው ዘንበል ብለው፣ የሆዳቸውን ግድግዳ በኖቮካይን አደንዝዘው፣ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መክፈቻ ቀደዱ። መስተዋቱ ቀኙን ግራ እያደረገ ስላወካቸው አብዛኛውን ሥራ የሠሩት በዳሰሳ ነው፤ ለዚህም ሲሉ ጓንት አላጠለቁም። በመካከሉ ዕውሩን አንጀት በስሕተት ወጉት፤ ያንንም ሰፉ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ራስ ማዞር ስለ በረታባቸው በየአራት አምስት ደቂቃው ለሃያ ሴኮንድ ያህል እያረፉ ቀጠሉ። የወጣው ትርፍ አንጀት ከሥሩ ጠቁሮ ነበርና፣ አንድ ቀን ቢያድር ኖሮ በፈነዳ ነበር ብለው ገምተዋል። እኩለ ሌሊት ገደማ የመጨረሻውን ስፌት አሰሩ። መሣሪያው እንዴት እንደሚታጠብ ለረዳቶቻቸው ካሳዩ በኋላ ነው የእንቅልፍ ኪኒን ውጠው የተኙት። በሰባተኛው ቀን ስፌቱ ወጣ፤ በሁለት ሳምንትም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አውስትራሊያውያን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1950 እ.ኤ.አ.፣ በሄርድ ደሴት ጣቢያቸው የነበረውን ሐኪም ይኸው ሕመም ይዞት የጦር መርከብ ልከው ለማውጣት ተገደው ነበር። ክረምቱን በአንታርክቲካ ጣቢያዎቻቸው የሚያሳልፍ ሐኪም ጤነኛም ቢሆን ትርፍ አንጀቱን አስቀድሞ እንዲያስወጣ ማዘዛቸው ከእንዲህ ያለ ትምህርት የተነሣ ነው። ጤነኛ አካል መቁረጥ ለሚከብደው ሐኪም ትእዛዙ ጨካኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውን ለብቻው የሚልክ መሥሪያ ቤት የሚሄደውን ሰው ሕመምም አብሮ እንደሚልክ ያመነ ትእዛዝ ስለ ሆነ፣ ሐቀኛ ነው።

በቅድሚያ ቆርጦ የማይጣል ሕመም ግን አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. በደቡብ ዋልታው ጣቢያ የነበሩት ሐኪም ዶክተር ጄሪ ኒልሰን በክረምቱ መካከል በጡታቸው ላይ እጢ አገኙ። ከጣቢያው ሠራተኞች አንድ በያጅ መርፌ አወጋግ በአትክልት ላይ ተለማምዶ፣ ከእጢው ናሙና ሲወሰድ ረዳቸው። በጁላይ ወር አንድ አውሮፕላን ሳያርፍ በጨለማው ላይ እየበረረ መድኃኒትና መሣሪያ በጃንጥላ ጣለላቸው። ካንሰር መሆኑ ከታወቀ በኋላ በአሜሪካ ያሉ ሐኪሞች በሩቅ ግንኙነት እየመሩአቸው፣ መድኃኒቱን የሥራ ጓደኞቻቸው እየሰጡአቸው ቆዩ፤ እርሳቸውም ሌሎቹን ማከም አላቋረጡም። ኦክቶበር 16 ቀን፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ አልፎ ሳለ፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት አውሮፕላን ሞተሩን ሳያጠፋ አርፎ ወሰዳቸው። ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ተመልሶባቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። ያ አውሮፕላን ሲመጣ የሚተካቸውን ሐኪም አድርሶ ነበር፤ እርሱም ሻንጣውን ይዞ ወደ ጣቢያው ገባ።