ፍትሕ ለሚቀጥለው ዕድሜ አይደር



ከዘመን ዘመን ተሻግረው፣ ዳግም ተወልደው የሚገናኙ ፍቅረኞችን ታሪክ ብዙዎቻችን እንወዳለን። በ1958 እ.ኤ.አ. ቢማል ሮይ ያዘጋጀው «ማዱማቲ» የተባለው የሕንድ ፊልም አንዱ ነው። ዲሊፕ ኩማር በዝናብ ሌሊት አሮጌ ቤት ይጠለልና ያለፈ ሕይወቱ ትዝ ይለዋል። ያኔ ማዱማቲ የምትባል የተራራ አገር ልጅ ወዶ ነበር። ባለርስቱ ሊደፍራት ሲል ግን ራሷን ከሰገነት ወርውራ ሞተች።

ፊልሙ ሁለቱን በሌላ ዕድሜ ባልና ሚስት አድርጎ ያገናኛቸዋል። እኛም እንባችንን ጠርገን ደስ ይለናል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ባለርስቱ የተያዘው እሷ ከሞተች በኋላ ነው።

ክርስቲያንም ሙስሊምም ሆነን ነፍስ በሌላ ሥጋ ትመለሳለች ብለን አናምንም። ሆኖም «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» እያልን በደልን ችለን እንኖራለን፤ ልክ ሌላ ዕድሜ እንዳለን ሁሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ስለ ዕድል አያወራም። ጋብቻ በሁለቱም ነጻ ፈቃድ ይሁን፣ መነሻ ዕድሜው 18 ዓመት ይሁን፣ በትዳር ውስጥ የተገኘ ገቢም የጋራ ነው ይላል።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ፊልሙን እንይ፣ እናልቅስም። ቡናው ሲፈላ ግን አጠገባችን ዝም ያለችውን «ቤትሽ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቃት። መልሷ ከከበደ ወደ ሕግ ቦታ ብቻዋን አንልካት፤ አብረናት እንሂድ። ደጋፊዎቻችንም ለዚህ መንገድ አግዙን።