ሥራን በቁርጥ ስለ ማሠራትና ስለ ውሉ
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት ከመካከላችን ብዙዎቻችን የምንተዳደረው በአነስተኛ ሥራ ነው። የስፌት ቤት ያለው አለ፣ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ አለ፣ ሻይ ቤት የከፈተች አለች። ሥራው ሲበዛብን ባለሙያ እንጠራለን። ይኸውም ሰው የወር ደመወዝተኛ ሳይሆን በሠራው ልክ የሚከፈለው ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ከእሱ ጋር ስለምናደርገው ውል ነው። ውል አልን እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ የምናደርገው «አይዞህ፣ እኛ መቼ እንጣላለን» መባባልን ነው።

ይሁንና እንጣላለን። በትምህርት ቤት መክፈቻ ሰሞን አንድ ባለሱቅና አንድ ልብስ ሰፊ በዩኒፎርም ሥራ ተጣልተው ወደ ሽማግሌ መጥተው ነበር። ክሩና ቁልፉ የማን ነው? ሱሪው አጥሮ ወላጆች ሲመልሱት የጨርቁን ዋጋ ማን ይክፈል? መጀመሪያ የተሰጠው ገንዘብስ ቀብድ ነው ወይስ የሥራው ዋጋ ከፊል? አንዱ እንዲህ ተባብለናል ይላል፣ ሌላው ኧረ በጭራሽ ይላል። ሽማግሌዎቹ ምን ይዘው ይፍረዱ? የጽሑፍ ቁራጭ እንኳ የለም። ሁለቱ የአንድ እድር ሰዎች እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም።

እንግዲህ የቀብዱን ነገር እናንሳ፤ በሰፈራችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያጣላው እሱ ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ልብ በሉ፣ እጥፉን ነው! ሁለት ሺህ ብር ቀብድ ተቀብሎ የቀረ ባለሙያ አራት ሺህ ሊመልስ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የምትሰጡት ገንዘብ ለጨርቅና ለክር መግዣ ከሆነ «ለዕቃ መግዣ የተሰጠ» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀብድ ከሆነም ቀብድ በሉት።

ሁለተኛው ነገር ሰውዬው በእርግጥ የራሱ ሥራ ባለቤት ነው ወይ የሚለው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በራሱ ንግድ ወይም በሙያ ኃላፊነቱ ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። ታዲያ በወረቀቱ ላይ «የግል ሠራተኛ» ስላልን ብቻ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። አላለቀም! በእናንተ መኪና፣ በእናንተ ቤት፣ ስትጠሩት ገብቶ ስታሰናብቱት የሚወጣ፣ ሥራውንም እንዲህ አድርግ እያላችሁ የምታዙት ሰው በሱሪ ቁጥር ቢከፈለውም ሠራተኛችሁ ነው። አዋጁ በቁርጥ ሥራ የሚቀጠረውንም ሠራተኛ ይጨምራልና። በአንጻሩ በራሱ መኪና በቤቱ ሰፍቶ፣ ከሌላም ደንበኛ ሥራ ተቀብሎ፣ የተበላሸውን በራሱ ኪሣራ የሚያስተካክለው በራሱ የቆመ ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የብረት ሥራ ቤት ያላችሁ በተለይ ስሙን። ሠራተኛ የሆነ ሰው በሥራ ላይ እያለ ዓይኑን ብልጭታ ቢጎዳው፣ ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በስተቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። «ኮንትራት ነው እኮ» ማለት አያድንም፤ የተጎዳው ልጅም ቤተሰብ አለው። በራሱ የቆመ ባለሙያ ግን በሥራው ላይ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጥፋት ኃላፊው እሱ ራሱ ነው፤ ያሠራው ሰው በእሱ ጥፋት አይጠየቅም።

ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም። አንድ ገጽ ይበቃል። ምን እንደሚሠራ በቁጥርና በልክ፣ ዕቃው ከማን እንደሚመጣ፣ የአንዱ ዋጋ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል፣ የማስረከቢያው ቀን፣ የተበላሸው በማን ኪሣራ እንደሚስተካከል ይጻፍ። «በቶሎ ይደርሳል» የሚባል ነገር አይጻፍ፤ ቶሎ ለባለሱቁ ሦስት ቀን፣ ለሰፊው ሦስት ሳምንት ነው። ሕጉ እንዲህ ያለውን ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ባይልም፣ ሁለት ምስክር ቢፈርምበት ይሻላል።

ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶችና አባቶችን በተመለከተ አንድ ነገር አለ። የጣት አሻራ በራሱ አያስገድድም፤ ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ሊያረጋግጠው ይገባል። ስለዚህ ፈትል የምትፈትልላችሁን እናት ጣቷን ቀለም አስነክራችሁ ብቻ አትላኳት። ውሉን የምታምነው ሰው ያንብብላት፤ ከዚያም አብራችሁ ወደ ሰነድ ማረጋገጫ ሂዱ።

ውሉ በሁለት ቅጂ ይደረግ፤ አንዱ ከአሠሪው፣ አንዱ ከባለሙያው ዘንድ ይቀመጥ። ገንዘብ በተሰጠ ቁጥር በዚያው ወረቀት ጀርባ ቀኑና መጠኑ ተጽፎ ይፈረም።