«ናይስ» ስለምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል



ዛሬ ልንናገርባት የመረጥናት ቃል ትንሽ ናት። በአፋችን ግን ሻዩ «ናይስ» ነው፤ ፊልሙ «ናይስ» ነው፤ ጓደኛችን ሌሊቱን ሲደክምበት ያደረው ጽሑፍም «ናይስ» ነው። ይህን ሁሉ የምትሸከም ቃል ምን ትርጉም ይቀርላታል?

ታሪኳን ብንመረምር የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ሥሯ «ነስኪዩስ» የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ «የማያውቅ» ማለት ነው። በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል አልፋ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1300 ገደማ ወደ እንግሊዝኛ ስትገባ «ናይስ» የተባለ ሰው ሞኝ ማለት ነበር። ኋላም በጥቂቱ የሚጨነቀውን፥ እንከን ፈላጊውን ሰው ለመግለጽ ዋለች፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የጠንቃቃና የረቂቅ ነገር መግለጫ ሆነች። ዛሬም እንግሊዞች በሁለት ሐሳቦች መካከል ያለውን ረቂቅ ልዩነት «ናይስ» ይሉታል። «ደስ የሚል» በሚለው ትርጉም የተስፋፋችው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ጄን ኦስተን፥ ከሞተች በኋላ በ1817 መጨረሻ በታተመው «ኖርዛንገር አቢ» በተባለው ልብ ወለዷ፥ ቃሊቱ ለነገር ሁሉ መዋሏን በአንድ ባለታሪኳ አፍ አሹፋባታለች።

ነገር ግን በእንግሊዞች ብቻ አንሳቅ። የእኛም «ጨዋ» በቤተ ክህነት አነጋገር ያልተማረ ሰው ነው፤ በአደባባይ ግን መልካም አስተዳደግ ያለው የተከበረ ሰው ነው። ስለዚህ የቃል ትርጉም መለወጡ ነውር አይደለም።

ነውሩ የእኛ አጠቃቀም ነው። አንድ ጓደኛችን ጽሑፉን ሲያነብልን «ናይስ» ብለን አጨበጨብንለት። መደምደሚያው ከመነሻው ጋር እንደሚጋጭ ከመካከላችን ያስተዋልን ነበርን፤ አንዳችንም ግን አልተናገርንም። ስሕተቱን ያወቀው ከመምህሩ ቀይ እርሳስ ነው። «እናንተ አላያችሁትም ነበርን?» ብሎ ሲጠይቀን የምንመልሰው አጣን። በዚያች ቀን ቃሊቱ ወደ ጥንት ትርጉሟ ተመለሰች፤ እያወቅን የማናውቅ መስለን ነበርና።

እንግዲህ ሻዩን «ናይስ» ብንለው ግድ የለም። የጓደኛን ሥራ ስንመዝን ግን ግልጹን ግልጽ፥ ደካማውን ደካማ፥ ያልገባንን አልገባንም እንበል። ይህን ንግግራችንንም «ናይስ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት፤ የተሳሳትንበትን አሳዩን።