አባቷ ያልተጠራላት ሴት

(ደብረ ብርሃን ላይ በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ታሪካዊ ልብ ወለድ እንዴት እንደሚጻፍ ንገሪን» ስትለኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ እንጂ ስም ያለኝ ደራሲ አይደለሁም። አንድ መጽሐፍ ጀምሬ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ አልታተመም። ነገር ግን በስድስት ዓመት ውስጥ የተሳሳትኩትን ብነግራችሁ፣ ከመካከላችሁ ለመጻፍ ያሰበች ብትኖር ጊዜዋን ታተርፍ ይሆናል ብዬ እሺ አልኩ።

ነገሩ የተጀመረው ከአያቴ ነው። አያቴ የአንኮበር ሰው ነበረች። ልጅ ሳለሁ ጸጉሬን እየሠራች አንድ ነገር ደጋግማ ትነግረኝ ነበር፤ የእሷ ቅድመ አያት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ለቤተ መንግሥት ውሃ ትቀዳ እንደነበር። ሌላ ነገር የላትም። ስሟን እንኳ አታውቅም። እኔ ግን ያቺን ልጅ በልቤ አሳደግኋት። ጡረታ ስወጣ ደብተር ገዛሁና ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ገጼ እንዲህ ነበር። ልጅቷ ጎህ ሲቀድ ትነሳለች፤ ከእናቷ ጋር ቡና ትጠጣለች፤ እንስራዋን አዝላ በባሕር ዛፉ መካከል እየዘፈነች ወደ ቤተ መንግሥቱ ጉብታ ትወጣለች። ለጎረቤቶቼ ሳነብላቸው በጣም ወደዱት። እኔም ኮራሁ። ሁሉም ስህተት ነበር።

አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ቡናው ስህተት ነው። በሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ክርስቲያን ቡናን የሙስሊም መጠጥ ነው ብሎ አይጠጣም ነበር። ይህን በመጽሐፍ ሳነብ አላመንኩም፤ ዓልዩ አምባ ወርጄ አንዲት አዛውንት የአርጎባ እናት ጠየቅሁ። ስቀው «እናንተማ ከእኛ ነው የለመዳችሁት፤ አሁን የእኛ ነው ትላላችሁ» አሉኝ። ባሕር ዛፉም ስህተት ነው። ዛሬ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ባሕር ዛፍ የመጣው በአጼ ምኒልክ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ነው። ልጅቷ የምታውቀው ጽድና ወይራ ነው፤ ወፍ ዋሻ ዛሬም እንዳለው ዓይነት። ዘፈኑ ደግሞ ስህተት መሆኑን የነገረኝ መጽሐፍ አይደለም። አንኮበር ሄጄ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞልቼ ከጉብታው ሥር ወደ ፍርስራሹ ለመውጣት ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ አረፍኩ፤ ግማሹን ደፍቼ ነው የደረስኩት። ያንን አቀበት ውሃ ተሸክሞ የሚዘፍን ሰው የለም። ትንፋሽ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ የነገሥታቱን ዘመን ከማጥናታችሁ በፊት የማጀቱን ዘመን አጥኑ። ጦርነቱ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ከማንም መጽሐፍ ታገኛላችሁ። በምን እንደተበላ፣ በምን እንደተገበያየ፣ እሳት ከየት እንደመጣ ግን ፈልጎ ማግኘት ነው። ክብሪት አልነበረም፤ ፍም ከጎረቤት ይለመናል። ገበያው በአሞሌ ጨውና በማርትሬዛ ብር ነው። ይህን ደግሞ ከማንም ይበልጥ የምናውቀው እኛ ሴቶቹ ነን፤ ወፍጮና መጅ አያውቁም የምትሉኝ ካላችሁ ልጆቻችሁ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ።

በአማርኛ ታዋቂ የሆኑት ታሪካዊ ልብ ወለዶች በአብዛኛው የነገሥታትና የጀግኖች ናቸው። የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» እና የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» ሁለቱም ስለ አጼ ቴዎድሮስ ናቸው። ስለ ንጉሥ የሚጽፍ ሰው የሚደገፍበት ዜና መዋዕል አለው። ስለ ውሃ ቀጂ የሚጽፍ ምን አለው? የንጉሥ እናት እንኳ በጽሑፍ ያላት ድርሻ ትንሽ ነው። የአጼ ምኒልክ እናት ወይዘሮ እጅጋየሁ በቤተ መንግሥቱ አገልጋይ እንደነበሩ በሰፊው ይተረካል፤ ልጃቸው አንጎለላ ላይ በ1836 ዓ.ም. ባይነግሡ ኖሮ ስማቸውን ማን ያነሳው ነበር? ይቅርታ፣ የተወለዱበት ነው ያልኩት፤ አንጎለላ የተወለዱ ልጅ በኋላ ባይነግሡ ኖሮ ማለቴ ነው።

እኔ የረዱኝ የውጭ አገር ሰዎች መጻሕፍት ናቸው። በ1833 ዓ.ም. ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን የመልእክተኞች ቡድን ይዞ ወደ ሣህለ ሥላሴ መጣ። ሚስዮናዊው ክራፕፍ ከእሱ በፊት አንኮበር ገብቶ ነበር። ጆንስተን የሚባል ሐኪም ደግሞ ዓልዩ አምባ ተቀምጦ የገበያውንና የቤቱን ነገር ጻፈ። የሃሪስና የጆንስተን መጻሕፍት ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ታተሙ፤ ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ልጄ እያገዘችኝ አነበብኩ። ስታነቡ ግን ተጠንቀቁ። ሃሪስ ነገር ማሳመር ይወዳል። ሁሉም ወንዶች ናቸው፣ ሁሉም እንግዶች ናቸው፤ ማጀት ገብተው ከሴት ጋር እንደ ልብ አላወሩም። አንዱ ያለውን በሌላው መመዘን ያስፈልጋል።

በአንድ ነገር ግን አይለያዩም። ለቤተ መንግሥቱ እህል የሚፈጩት፣ እንጨትና ውሃ የሚያመላልሱት ባሮች ነበሩ። ዓልዩ አምባም ከጨውና ከጨርቅ ጋር ሰው ይሸጥባት ነበር፤ ከደቡብ የተነዱ ልጆች በዚያ አልፈው እስከ ታጁራ ባሕር ይወርዱ ነበር።

ይህን ያነበብኩ ዕለት ደብተሬን ዘጋሁ። አያቴ በኩራት የነገረችኝ ነገር ሌላ ትርጉም ያዘብኝ።

አንድ አክስት አለችኝ፤ ዘጠና ሊሞላት ነው። ሄጄ «ዘራችንን ቁጠሪልኝ» አልኳት። የእናቷን አባት፣ የአያቷን አባት፣ የቅድመ አያቷን አባት እያለች በስም በስም ወጣች። ከዚያ «እሷ ደግሞ ውሃ ቀጂዋ ናት» ብላ አቆመች። «አባቷስ?» አልኳት። «አባቷን አልነገሩንም።» «አገሯስ?» ዝም አለችኝ። ቆይታ «ምን ልትጽፊ ነው?» አለች። ነገርኳት። «እኛ ጨዋ ነን። የልጅ ልጄ በጥር ሊያገባ ነው፤ ሽማግሌ ዘር ሲጠይቅ ምን ልበል? አንቺ መጽሐፍ ታወጪያለሽ፣ እኛ አንገታችንን እንደፋለን» አለችኝ።

ትክክል አልነበረችም ማለት ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ዘር እየቆጠረ ልጅ የሚከለክል ሰው ዛሬም እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ባርነትን ጨርሶ የከለከለው የ1934 ዓ.ም. አዋጅ ሲወጣ አክስቴ ተወልዳ ነበር፤ ሩቅ አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ ምንም አልጻፍኩም።

በዚያ ዓመት ያጽናናኝ የአንዲት እህታችን ታሪክ ነው። መዓዛ መንግሥቴ የምትባል በአሜሪካ የምትኖር ደራሲ በጣሊያን ወረራ ስለ ዘመቱ ሴቶች «ዘ ሻዶው ኪንግ» የሚል ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ጽፋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ከሆኑት አንዱ ነበር። ለዓመታት ፎቶግራፍና ሰነድ ስትመረምር ከቆየች በኋላ ነው እናቷ የገዛ ቅድመ አያቷን ነገር ያነሱላት። ቅድመ አያቷ የቤቱ በኩር ስለነበሩ ለመዝመት ተነሱ፤ አባታቸው ጠመንጃውን ለባላቸው ሰጡ፤ እሳቸው ግን አባታቸውን ከሰው ጠመንጃውን አስፈረዱና ዘመቱ። ልብ በሉ፤ ያን ሁሉ ዓመት ሌላ ቦታ የተፈለገው ሴት እቤት ውስጥ ነበረች። ማንም ስላልጠየቀ ማንም አልተናገረም።

ከሠርጉ በኋላ አክስቴ ራሷ ልካ አስጠራችኝ። «ያቺን ልጅ ምን አደረግሻት?» አለች። «ትቻታለሁ» አልኳት። ትንሽ ቆይታ «እናቴ የምትነግረን አንድ ነገር ነበር። ያቺ ሴት ሸምግላ፣ ልጅና የልጅ ልጅ ከብቧት እንኳ፣ ውሃ ስጡኝ ብላ ሰው አዝዛ አታውቅም። እየተነሳች ራሷ ትቀዳ ነበር» አለችኝ። ከዚያም «ጻፊው። ስማችንን ግን አትጥሪ» አለች። ዛሬ በእናንተ ፊት የምናገረውም በእሷ ፈቃድ ነው።

እህቶቼ፣ ልጅቷ ባሪያ ለመሆኗ ወረቀት የለኝም። ያለኝ አባት የሌለው የዘር ቆጠራ፣ የሦስት መንገደኞች ቃልና አንዲት አሮጊት ውሃ ለመቅዳት ስትነሳ ነው። ልብ ወለድ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የጎደለውን እሞላለሁ፤ የሚታወቀውን ግን አላጣምምም። ንጉሡ አይተው ወደዷት የሚለውን ምዕራፍ ቀድጄ ጣልኩት፤ ልጅቷን ለማስከበር ብዬ የጨመርኩት ውሸት ነበርና። እሷ ለመከበር የንጉሥ ዓይን አያስፈልጋትም።

የምሠራበትን ዘዴ ልንገራችሁና ላብቃ። ሦስት ቀለም እጠቀማለሁ። በጽሑፍ ያገኘሁትን በሰማያዊ፣ ከሰው አፍ የሰማሁትን በጥቁር፣ እኔ የፈጠርኩትን በቀይ እጽፋለሁ። በኋላ አንባቢ ቢጠይቀኝ የትኛው የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ስትጠይቁ ደግሞ «ታሪክ ንገሩኝ» አትበሉ፤ ማንም ታሪክ ያለው አይመስለውም። «ጨው በምን ትገዙ ነበር? ስትወልዱ ማን ነበረ? ከቤታችሁ ማን ነው ስሙ የማይነሳው?» በሉ። የመጨረሻውን ጥያቄ ቀስ ብላችሁ፣ ሌላ ሰው በሌለበት ጠይቁ። መልሱ ባይመጣም አትቆጡ፤ የእኔ አንድ ዓመት ፈጅቷል።

በማኅበራችን ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው እናቶች አሉን። በወር አንድ ጊዜ ለቁጠባ ስንሰበሰብ ከእነሱ አንዷን ግማሽ ሰዓት ብናስወራና አንዷ ብትጽፍ ወጪው አንድ ደብተር ነው። እኔ የመጀመሪያውን ደብተር ይዤ መጥቻለሁ፤ ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ስም የምታስመዘግብ ካለች ከሻዩ በፊት ትምጣ።