ትንቢትን አንናቅ፤ ግን እንመርምር



በቅርቡ ከመካከላችን አንዲት እናት ቁጠባዋን በሙሉ ልታወጣ መጣች። «ቅባት አለኝ» የሚል ሰው፣ ገንዘቡን ካልሰጠች የታመመው ልጇ እንደማይድን ነግሯት ነበር። ብሩ የራሷ ነውና መከልከል አልቻልንም፤ ዝም ማለትም አልሆነልንም። አብረናት መጽሐፍ ቅዱስ ከፈትን።

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ባሏ የሞተባት ሴት አለች። አበዳሪዋ ልጆቿን ሊወስድባት መጥቷል። ኤልሳዕ በቤቷ ምን እንዳላት ጠየቃት፤ ያላት አንድ ማሰሮ ዘይት ነበር። ዘይቱ በበዛ ጊዜ ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በቀረውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት። ለራሱ ምንም አልጠየቀም። የንዕማንንም ስጦታ አልተቀበለም፤ ተከትሎ ሄዶ የተቀበለው ሎሌው ግያዝ ነው፣ እርሱም በለምጽ ተመታ።

የትንቢትን ስጦታ እናከብራለን። የወንጌላዊው ፊልጶስ አራት ሴቶች ልጆችም ትንቢት ይናገሩ ነበር (ሐዋርያት ሥራ 21፥9)። ነገር ግን ጳውሎስ ትንቢት ለማነጽ፣ ለመምከርና ለማጽናናት እንደሆነ ይጽፋል፤ ሲነገርም ሌሎች እንዲለዩት ያዛል (1ኛ ቆሮንቶስ 14)። መመርመር እምነት ማጣት አይደለም። ቅባትም በ1ኛ ዮሐንስ 2 እንደምናነበው የአማኞች ሁሉ ነው፤ ማንም ሊሸጥልን አይችልም።

ስለዚህ እህቶች፣ ለብቻ ጠርቶ የሚያስፈራራንና ብር የሚጠይቀንን ቃል ወደ ቡድናችንና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እናምጣው።

እህታችን ያን ቀን ለሕክምና የሚበቃውን ብቻ አወጣች። ሁለት እህቶች ሐኪም ቤት ድረስ ሸኟት። ልጁ ገና በሕክምና ላይ ነው፤ በጸሎታችሁ አስቡት።

ጌታ ይባርካችሁ።