ጠበንጃና ደብተር በአንድ አጥር ውስጥ አይኖሩም
(በሸጎሌ ለተማሮች ወላጆችና ለአስተማሮች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብነው ስለ ትምህርት ቤት ደኅንነት ለመነጋገር ነው። ወላጅ ልጁን ማለዳ ደብተሩን አስይዞ ሲሰድ፥ ከዕውቀቱ አስቀድሞ የሚሻው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ልጁ በሄደበት ጤንነት ማታ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። ይህ አደራ ካልተጠበቀ፥ ትምህርቱ በቀዳዳ ጎተራ ላይ እንደሚፈስ እህል ከንቱ ይሆናል።

ከዚህ ከሸጎሌ ሳይርቅ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ይገኛል። ስሙ የወታደር ስም ነው። ኦርድ ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. በጎጃም በኩል ከአርበኞቻችን ጋራ ሆኖ ጠላትን የወጋ የእንግሊዝ መኮንን ነበረ። ዳሩ ግን ከድሉ በኋላ ስሙ በዚህ ስፍራ የተሰጠው ለጦር ሰፈር ሳይሆን ለትምህርት ቤት ነው። የጦር መሣሪያ አገርን ለማዳን የሚነሣበት ጊዜ ቢኖርም፥ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ስፍራውን ለብዕር መልቀቅ እንደሚገባው ከዚህ እንማራለን።

ይህ ወሰን በተጣሰ ጊዜ የደረሰውን ግን አገራችን ታውቀዋለች። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ የዩኒቨርሲቲ ተማሮች ማኅበር መሪ የነበረው ጥላሁን ግዛው በዚሁ በአዲስ አበባ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱም ጓደኞቹ አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ ግቢ ተሰብስበው ሳሉ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱባቸው፤ የሞቱም የቆሰሉም ነበሩ። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ደግሞ በመቀሌ የሚገኘው የአይደር ትምህርት ቤት ከኤርትራ አውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ተመታ፤ በዚያ ከሞቱት መካከል ሕፃናት ተማሮች ነበሩባቸው። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሣው ውጊያ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃቸውን ዘጉ።

«ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው፤ እኛ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ምን ልናደርግ እንችላለን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፥ የጦርነትን መንገድ አንድ ወላጅ ብቻውን አይዘጋውም። ነገር ግን ጠበንጃ ወደ ትምህርት ቤት የሚገባበት ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ከገዛ ቤታችን የሚነሣ ነው። ይህን መዝጋት በእጃችን ነው።

ሚያዝያ 25 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰርብያ ዋና ከተማ በቤልግሬድ አንድ የ13 ዓመት ልጅ የአባቱን ሽጉጦች ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ፤ ዘጠኝ ተማሮችና አንድ ዘበኛ በእጁ ጠፉ። በአሜሪካም የመንግሥት ሴክሬት ሰርቪስና የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ከ1974 እስከ 2000 በፈረንጅ አቆጣጠር በትምህርት ቤቶች የደረሱ 37 አደጋዎችንና ያደረሷቸውን 41 ልጆች መርምረው በ2002 ውጤቱን አወጡ። የተገኘውም ይህ ነው፤ በጠበንጃና በሽጉጥ ጥቃት ካደረሱት ከመቶው 68ቱ መሣሪያውን ያገኙት ከራሳቸው ወይም ከዘመዳቸው ቤት ነበረ። ከመቶው 71ቱ በሌሎች ተንቀናል፥ ተገፍተናል፥ ተጎድተናል ባዮች ነበሩ። ከመቶው በ81ዱ አደጋ ደግሞ ልጁ ያሰበውን አስቀድሞ የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ሰው ነበረ፤ ያ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ጓደኛው ነው። እንግዲህ መሣሪያው በቤት ነበረ፤ ቍጣው በልብ ነበረ፤ ወሬውም በልጆች መካከል ነበረ። የጎደለው የሚቆልፍ እጅና የሚሰማ ጆሮ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን እንመለስ። በገጠራችን ጠበንጃ የአባት ክብር ሆኖ ከምሰሶ ላይ ይሰቀላል፤ በሠርግና በለቅሶ ይተኮሳል፤ ልጅም ገና በእግሩ ሳይጠና ስሙንና ዓይነቱን ያውቃል። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን የሚከለክለው አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ወጥቷል፤ ሕግን ማክበርም የሁላችን ግዴታ ነው። ነገር ግን ፈቃድ ያለው ጠበንጃም ቢሆን ጥይት ጎርሶ ከምሰሶ ከተሰቀለ፥ የልጅ እጅ ቃታውን ሲነካው ፈቃዱን አይጠይቅም። ስለዚህ እነዚህን አራት ነገሮች ልብ ብላችሁ እንድትይዙ እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፥ መሣሪያ ያለው ሰው ልጆች በሌሉበት ጥይቱን አውጥቶ ጠበንጃውን ባዶ ያድርግ፤ ጠበንጃውን በአንድ ሣጥን፥ ጥይቱን በሌላ ሣጥን ይቆልፍ፤ ቁልፉንም ከራሱ አይለይ። መደበቅ መቆለፍ አይደለም፤ ልጅ የማያውቀው የቤት ምስጢር የለምና።

ሁለተኛ፥ እናንተ ልጆች፥ በሜዳ ወይም በመንገድ ጥይት ወይም ያልፈነዳ ቦምብ ብታገኙ አትንኩ፥ አትወርውሩ፥ በእሳትም አትጣሉ። የተተኮሰ ጥይት ቀለህ መስሎ የታያችሁ ገና ያልተተኮሰ ሊሆን ይችላል። በመጣችሁበት መንገድ ተመልሳችሁ ለአዋቂ ንገሩ። ጓደኛችሁም መሣሪያ ይዞ ቢመጣ ወይም «እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ቢዝት ለአስተማሪ ንገሩ። ይህ ነገር ማመላለስ አይደለም፤ የጓደኛን ነፍስ ከሞት፥ የሌላውንም እጅ ከደም ማዳን ነው።

ሦስተኛ፥ አስተማሮች ሆይ፥ ልጅ ደፍሮ ሲናገር አትቈጡት፤ የነገራችሁንም ሰው ስም አትግለጹ። አንድ ጊዜ የተጋለጠ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም፤ ያየውም ጓደኛው ሁሉ ዝም ይላል። ዘወትር የሚገፋና የሚዘበትበት፥ ከጨዋታም ተለይቶ ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ ቢኖር ጠርታችሁ አነጋግሩት። ልጅን በባልንጀሮቹ ፊት ማዋረድ ተግሣጽ አይደለም፤ ቂም መዝራት ነው።

አራተኛው ነገር የሽማግሌዎች ድርሻ ነው። በአንዳንድ አገር ደም የተቃቡ ወገኖች ሳሉ፥ የሟች ልጅና የገዳይ ልጅ በአንድ ክፍል ይማራሉ። አንዱ ደም መላሽን ፈርቶ ከትምህርቱ ይቀራል፤ ሌላው «ያባትህን ደም መልስ» እየተባለ ያድጋል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ለእርቅ በተቀመጡ ጊዜ፥ እርቁ እስኪፈጸም እንኳ ቢሆን፥ ትምህርት ቤቱና ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ቂም የማይወጣበት ስፍራ እንዲሆን ሁለቱን ወገኖች ቃል ያስገቡ። ልጅ ያልበላውን ዕዳ አይክፈል። ማንኛውም ሰው፥ የወላጆች ስብሰባ ቢሆን ወይም በዓል ቢሆን፥ ጠበንጃ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ እንዳይገባ የመንደሩ ሰው ሁሉ ይስማማ፤ አስቀድመው ትልልቆቹ ካላከበሩት ትንንሾቹ አያከብሩትምና።

አንዳንድ ሰው «ባገራችን እንደ ፈረንጅ አገር ያለ ነገር አልደረሰም» ብሎ ይህን ምክር ያቃልል ይሆናል። አባቶቻችን ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። እሳቱ ቤቱን ከያዘ በኋላ ቅጠል አይበቃውም፤ ከአፈ ሙዝ የወጣ ጥይትንም የሚመልሰው የለም።

እንግዲህ ከዚህ ስንለያይ፥ መሣሪያ በቤቱ ያለው ሰው ነገ ሳይል ዛሬ ማታ ጥይቱን ያውጣ፤ ሣጥኑንም ይቆልፍ። መሣሪያ የሌለውም ልጁን ጠርቶ «በትምህርት ቤት የሚያስፈራህ ነገር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም ሳይቈጣ እስከ መጨረሻው ይስማው። ነገ ጧት ልጆቻችን በትምህርት ቤቱ በር ሲገቡ፥ የሚጠብቃቸው አጥሩ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዳችን በየቤታችን የሠራነው ሥራ ይሁን።